በምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ የሕፃናት ሕክምና ዘመቻ እንዴት ይዘጋጃል?

ወደ ኢንዶኔዢያ ሄደው ድሃ ሕፃናትን በነፃ ማከም የሚፈልጉ ባለሙያዎች ምክር ሲጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት «ምን ዓይነት መድኃኒት ይዘን እንሂድ?» የሚለውን ነው። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁን የሚያየው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በስሙ የሚጠራ ሰው ካላገኛችሁ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም።

ነርስ ነኝ። በቲሞር፣ በሱምባና በፍሎሬስ ደሴቶች ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትን ከሚያክሙ ቡድኖች ጋር እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ ልጆቹን መመዝገብ፣ ለቀዶ ሕክምና ብቁ የሆኑትን መለየት፣ ከዚያም ቁስላቸው ድኖ በደንብ መመገብ እስኪጀምሩ ድረስ መከታተል ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ስላለው ሥራ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱም ደሴቶች የሚገኙት ምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ በምትባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ሲሆን ዋና ከተማዋ በቲሞር ደሴት ላይ ያለችው ኩፓንግ ናት። ኢንዶኔዢያ ከ17,000 በላይ ደሴቶች አሏት፤ በጃካርታና በሱራባያ የረቀቀ ሕክምና የሚሰጡ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ከሱምባ ገጠር ለምትነሳ እናት ግን እዚያ መድረስ ማለት የመኪና፣ የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ጉዞ፣ ማደሪያና የቀን ሥራን ትቶ መሄድ ማለት ነው። በ2022 የተደረገው ብሔራዊ የሥርዓተ ምግብ ጥናት በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 21.6 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ሲያሳይ በዚህች ክፍለ ሀገር ቁጥሩ 35.3 በመቶ ነበር። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምታስገቡት ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው አስቡት።

በቦታው ያሉትን ሰዎች ፈልጉ

በኢንዶኔዢያ በየንዑስ ወረዳው ፑስከስማስ የሚባል የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ፤ በአገሪቱ በጠቅላላው ከ10,000 በላይ ናቸው። ከጤና ጣቢያው ሥር ደግሞ ፖስያንዱ አለ። በወር አንድ ጊዜ እናቶች በመንደሩ አዳራሽ ወይም በአንድ ሰው በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ልጆች ይመዘናሉ፣ ይከተባሉ። ይህን የሚያስተባብሩት ካደር የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ የመንደሩ ሴቶች ናቸው። የትኛው ቤት ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ልጇን ከሰው ዓይን ሸሽጋ እንደምታሳድግ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ምንም ዓይነት ማስታወቂያ የእነሱን ያህል ልጅ አያመጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአውራጃው ጤና ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያም ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ። ያለቀለት ዕቅድ ይዛችሁ አትቅረቡ። «ወደ ሆስፒታል ተልከው መሄድ ያልቻሉት ልጆች እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዝርዝሩን አብራችሁ አንብቡ። አንዳንዴ ዝርዝሩ ውስጥ የምታገኙት ለቀዶ ሐኪም የሚሆን ሥራ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሐኪሙ ኩፓንግ ውስጥ አለ፤ የጠፋው የመርከብ መሳፈሪያና ሌሎቹን ልጆች ቤት የሚጠብቅ ሰው ነው። ለሁለተኛው ችግር ከውጭ አገር የቀዶ ሕክምና ቡድን ማምጣት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

የወረቀቱን ጉዳይ ብዙ ቡድኖች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ ነው እላለሁ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ አገሪቱ ቢፒጄኤስ ከሰሃታን በሚባል ተቋም የሚመራ ብሔራዊ የጤና መድን አላት፤ የድሆችን መዋጮ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ መድኑ ባለ16 አኃዝ የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የሚገኘው ደግሞ ልጁ በቤተሰብ ካርዱ ላይ ሲመዘገብ ነው። በሱምባ ቤሊስ የሚባለው ጥሎሽ ፈረስና ጎሽ ጭምር የሚሰጥበት ከባድ ግዴታ ነው። ተከፍሎ እስኪያልቅ ጋብቻው ሳይመዘገብ ይቆያል፤ ልጆቹም የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ሊያድጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ መንግሥት የሚሸፍንለት ሕክምና እያለ በሩ ላይ ይቀራል።

የሕዝብ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱን አሠራር የሚያውቅ የአካባቢ ተወላጅ ከቡድናችሁ ጋር ይኑር። አባት ያልተመዘገበለት ልጅ በእናቱ ስም ብቻ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት እንደሚችል ብዙ እናቶች አያውቁም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ28 ቀናት ውስጥ በመድኑ መመዝገብ እንዳለበትም ንገሯቸው። እናንተ የምትሰጡት ቀዶ ሕክምና አንድ ነው፤ ያ ልጅ ግን ገና የጥርስ፣ የጆሮና የንግግር ሕክምና ይጠብቀዋል፤ ለዚያ ሁሉ ካርዱ ያስፈልገዋል።

ኢንዶኔዢያውያን ራሳቸው የሚመሩት ሥራ ካለ እሱን መቀላቀል ይሻላል። ሆፕ የተባለችው የአሜሪካ የሆስፒታል መርከብ በ1960 የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢንዶኔዢያ ነበር። ዛሬ ግን ደሴት ለደሴት እየተዘዋወሩ የሚያክሙ አገር በቀል መርከቦች አሉ። ዶክተር ሊ ዳርማዋን የተባሉት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በ2009 በደቡብ ምሥራቅ ማሉኩ ሲያክሙ አንዲት እናት አንጀቷ የታነቀባትን ልጇን ይዛ ቀናት የፈጀ የባሕር ጉዞ አድርጋ ደረሰች። ልጅቷ ተረፈች። እሳቸውም በሽተኛው ወደ ሆስፒታል መምጣት ካልቻለ ሆስፒታሉ ወደ እሱ መሄድ አለበት ብለው በ2013 በእንጨት መርከብ ላይ የተሠራ ሆስፒታል ሥራ አስጀመሩ። የአይርላንጋ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንም ከ2017 ጀምሮ ክሳትሪያ አይርላንጋ በተባለች መርከብ ሩቅ ደሴቶችን ያገለግላሉ። እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን፣ ባሕሩንና ቢሮውን ያውቃሉ። ከእነሱ ጋር ስትሠሩ የልጁ መዝገብ እዚያው ከሐኪሞቹ ዘንድ ይቀራል።

ፈቃድ

በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ማከም ክልክል ነው። በነፃ መሥራታችሁ ለውጥ አያመጣም። የውጭ አገር ሐኪም ወይም ነርስ የ2023ቱ የጤና ሕግ ቁጥር 17 በሚያዝዘው መሠረት የሙያ ምዝገባና የሥራ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግሞ ተቀባዩ የጤና ተቋም ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ለወራት ተዘጋጁ። ፈቃዱ ያልደረሰለት ባለሙያ በሽተኛ አይንካ። ማስተማር፣ መዝገብ መያዝ፣ ዕቃ ማስተባበር ይችላል፤ ለዚያም ቢሆን ተገቢው ቪዛ ያስፈልገዋል። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ በመግቢያ ላይ ይጠየቃል።

አንዳንድ ሰው «ልጆቹ እየተሠቃዩ በወረቀት ስም መዘግየት አይከብድም?» ይለኛል። ይከብዳል። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ያከመው ልጅ ሌሊት ደም ቢፈስሰው ተጠያቂ የሚሆነው በሩን የከፈተላችሁ የአካባቢው ሐኪም ነው። እሱ ከሥራው ከተባረረ ደግሞ የሚጎዱት እነዚያው ልጆች ናቸው።

መቼ መሄድ ይሻላል?

በምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ዝናቡ ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ነው። በጥርና በየካቲት ባሕሩ ስለሚናወጥ ጀልባዎች ለቀናት ይቆማሉ፤ መንገዶች ይቆረጣሉ፤ ደንጊ የተባለው ትንኝ ወለድ በሽታም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። እኔ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። በደረቁ ወራት ደግሞ ውኃ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ ውኃ በቦቴ የሚያስመጣ ከሆነ በዘመቻው ቀናት ስንት ቦቴ እንደሚያስፈልግና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተስማሙ።

ክፍለ ሀገሯ በብዛት ክርስቲያን ስለሆነች በገናና በሕማማት ሳምንት ቀጠሮ አትያዙ። በፍሎሬስ ያለችው ላራንቱካ በሕማማት ሰሞን ከየቦታው በሚመጡ ምእመናን ትሞላለች፤ ማደሪያም አይገኝም። በሌሎች ሙስሊም በሚበዛባቸው ደሴቶች ደግሞ በረመዳን መጨረሻና በኢድ አካባቢ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ትውልድ ቦታው ይጓዛል።

ዕቃና መድኃኒት

መድኃኒት በሻንጣ ይዛችሁ አትግቡ። የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ቢፖም ይባላል፤ ያልተመዘገበ መድኃኒት ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም። በተለይ ለማደንዘዣ የሚያገለግሉ አደንዛዥ መድኃኒቶችን ከውጭ ለማምጣት ፈጽሞ አታስቡ። የአገሪቱ የናርኮቲክስ ሕግ ቁጥር 35/2009 እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነው። እነዚህን የሚያቀርበው ተቀባዩ ሆስፒታል በራሱ ፋርማሲ በኩል ይሁን።

የሚጠጡ የሕፃናት ሽሮፖችን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። በ2022 ኤቲሊን ግላይኮልና ዳይኤቲሊን ግላይኮል በተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች የተበከሉ ሽሮፖች በጠጡ ሕፃናት ላይ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ደርሶ በኢንዶኔዢያ ከ200 በላይ ልጆች ሞተዋል። ወላጆች ያንን ጊዜ አልረሱም። በቢፖም የተመዘገበውን ብቻ ግዙ፤ የምርት መለያ ቁጥሩን በልጁ መዝገብ ላይ ጻፉ፤ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ እየቀዳችሁ ስም በሌለው ዕቃ አትስጡ። ልጁ እንክብል በውኃ ተበጥብጦ መውሰድ ከቻለ እሱን አስቀድሙ። እናት «ይህ ሽሮፕ ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቅ ቁጥሩን አውጥታችሁ አሳዩአት፤ ጥያቄዋ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከውጭ ማምጣት የሚጠቅመው በሕፃን ልክ የተሠራ ዕቃ ነው፤ የትንንሽ ልጆች የደም ግፊት መለኪያ፣ ለሕፃን ጣት የሚሆን የኦክስጅን መለኪያ፣ ትንንሽ የአየር ቱቦዎችና ጭምብሎች፣ ራሱ የሚሟሟ ቀጭን የስፌት ክር። ክሩ ራሱ ካልሟሟ ክር ለማስወጣት ልጁ እንደገና ሩቅ መንገድ መምጣት አለበት፤ ብዙዎቹ አይመጡም። የኤሌክትሪክ ዕቃዎቻችሁ በ220 ቮልት የሚሠሩ ይሁኑ። ጄኔሬተሩን ደግሞ «አለ» ሲሏችሁ አትመኑ፤ መብራቱ ተጠፍቶ ሙሉ ክፍሉን ሲያንቀሳቅስ በዓይናችሁ እዩ። የኦክስጅን ሲሊንደሮችንም በራሳችሁ ቁጠሩ።

የምርመራው ቀን

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው ይህ ቀን ነው። ቤተሰቦች ሌሊት ተነሥተው በጭነት መኪና፣ በኦጄክ ማለትም በኪራይ ሞተር ብስክሌት ወይም በእግር ይመጣሉ። ጥላ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ምንጣፍና መጸዳጃ ቤት ከሐኪሙ ወንበር በፊት ይዘጋጁ። የመጓጓዣውን ገንዘብ በርቀት ተምናችሁ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ስሌት በሩፒያ ስጡ፤ ለቀዶ ሕክምና ያልተመረጠውም ልጅ ቤተሰብ እኩል ይከፈለው። ያልተመረጠው ባዶ እጁን ከተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም።

በቲሞር ብዙ አያቶች ኡዋብ ሜቶ፣ በምሥራቅ ሱምባ ደግሞ ካምቤራ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ብሔራዊውን ቋንቋ ሰምተው «እሺ» ማለታቸው ገብቷቸዋል ማለት አይደለም። ካደሯ ታስረዳቸው፤ ከዚያ እናትየው የሰማችውን በራሷ አነጋገር መልሳ ትንገራችሁ። የስምምነት ፊርማው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውሳኔውን የሚሰጠው አንዳንዴ አባት ወይም የአባት ታላቅ ወንድም ስለሆነ እሱም አብሮ ይጠራ። ያልጠራችሁት ዘመድ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ መጥቶ ልጁን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ልጁን ስትመረምሩ ልብሱን አውልቁ። በጀርባው ላይ የጎድን አጥንት የተከተሉ ቀያይ ሰንበሮች ብታዩ ወዲያው ተደብድቧል ብላችሁ አትደንግጡ። ኬሮካን የሚባል የቤት ሕክምና አለ፤ ጉንፋን ወይም ብርድ ሲይዝ ዘይት ቀብተው በሳንቲም ጀርባን ይፍቃሉ። ሰንበሩ ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ልጁ በእነዚህ ቀናት ታሞ ነበር። ትኩሳትና ሳል እንደነበረው ጠይቁ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ማደንዘዣ ሲሰጠው የመተንፈሻ ቧንቧው በቀላሉ ይጠባል፤ ስለዚህ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ለከንፈር ቀዶ ሕክምና ከቆየው ልማድ የመጣው መነሻ ዕድሜ 10 ሳምንት፣ ክብደት ወደ 4.5 ኪሎ ግራም፣ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 10 ግራም ነው። የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል በሌለበት ቦታ እኔ ከዚህ ከፍ ያለ ገደብ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ ከንፈሩ ጥቂት ወራት ቢዘገይ አይጎዳም፤ በደከመ ሕፃን ላይ የሚደርስ የማደንዘዣ አደጋ ግን መመለሻ የለውም። ላንቃው ብዙውን ጊዜ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ይሠራል። ልቡን አዳምጡ። የተሰነጠቀ ላንቃ ያለው ልጅ ሌላ የተፈጥሮ ጉድለትም ሊኖርበት ይችላል፤ የልብ ድምፁ ያጠራጠረን ልጅ ወደ ኩፓንግ፣ ካስፈለገም ጃካርታ ወዳለው ብሔራዊ የልብ ማዕከል ወደ ሃራፓን ኪታ መላክ እንጂ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት አይገባም።

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ልጅ ካያችሁ ስለ ሳንባ ነቀርሳ አስቡ። ኢንዶኔዢያ በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ብዛት ከህንድ ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ ናት፤ መድኃኒቱ በፑስከስማስ በነፃ ይሰጣል። በሱምባ ትኩሳት ያለበት ልጅ የወባ ምርመራ ሳይደረግለት አይለፍ። ደንጊ በሚጠረጠርበት ጊዜ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስጡ፤ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ደም ያፈስሳሉ። ውሻ የነከሰው ልጅም ይመጣባችኋል። ፍሎሬስ ከ1997 ጀምሮ፣ ቲሞር ከ2023 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ አለባቸው። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ላኩት።

የቫይታሚን ኤ እንክብልና የትል መድኃኒት ለሁሉም ማደል የሚወዱ ቡድኖች አሉ። መንግሥት በየካቲትና በነሐሴ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሰማያዊውን፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉ ቀዩን። ስለዚህ እናቶች የሚይዙትን ሮዝ ሽፋን ያለው የእናትና የሕፃን ጤና ደብተር ሳታነቡ ምንም አትስጡ። የሰጣችሁትንም እዚያው ላይ ጻፉ።

አመጋገብ

አንዳንድ ሰው ይህን ክፍል የነርስ ተጨማሪ ሥራ አድርጎ ይመለከተዋል። እኔ ብዙ ልጆች የሚተርፉት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን አፉ ውስጥ አየር ስለሚገባ ጡት ስቦ መጥባት አይችልም። ይደክመዋል፣ ያለቅሳል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል። እናቱ ወተቷ የደረቀ ይመስላታል። ከዚያ ሱቅ ሄዳ የተጣራ ስኳር የበዛበትን ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት በውኃ በጥብጣ ትሰጠዋለች። ይህ ኬንታል ማኒስ የሚባለው ወተት ለሕፃን ምግብ የሚሆን ስላልሆነ ቢፖም በ2018 በማስታወቂያው ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ማሳየት ከልክሏል። ሆኖም ርካሽ ነው፤ በየመንደሩ አለ፤ ልጁም ዝም ይላል። ክብደቱ ግን አይጨምርም።

እናትየዋን አስቀምጧት፤ ጊዜ ስጧት። የራሷን ወተት በእጇ እንዴት እንደምታልብ፣ በንጹሕ ኩባያ ወይም በማንኪያ በትንሽ በትንሹ እንዴት እንደምትሰጥ አሳዩአት። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ቶሎ ቶሎ ያስገሱት፤ አንዱን ምግብ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያራዝሙት፤ ያገኘውን ጉልበት በመመገብ ይጨርሰዋልና። ከዚያ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እሷ ታድርገው። ካደሯም ትማር። ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል፣ ደቃቅ ዓሣ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ተምፔ፣ በክፍለ ሀገሯ በየግቢው የሚበቅለው የኬሎር ማለትም የሞሪንጋ ቅጠል ወደ ገንፎው ይግባ። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ነው። ለቀዶ ሕክምና አይደርስም፤ ወደ ጤና ጣቢያው የምግብ ሕክምና ይግባ፤ በቀጣዩ ዝርዝር ላይ ግን ስሙ ከላይ ይጻፍ።

በዚሁ ጊዜ ሌላም ነገር አድርጉ። በብዙ መንደሮች ልጁ እንዲህ የተወለደው እናቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ግርዶሽ ስለሆነ፣ ወይም አባት እንስሳ ስላረደ ነው ይባላል፤ ነቀፋው በመጨረሻ እናት ላይ ያርፋል። ሐኪሙ አያቷና ባሏ ባሉበት «ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከንፈሩ የሚገጥመው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ነው፤ በአንዳንድ ልጆች ሳይገጥም ይቀራል» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር። ይህን ከነርስ ሳይሆን ከሐኪም አፍ መስማታቸው በዚያ ቤት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። እናትየው ቀና ብላ ስታይ አይቻለሁና አጥብቄ እለምናለሁ፤ አትዝለሉት።

የቀዶ ሕክምናው ቀን

ሐኪሞቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ጥቂት ብቻ ልበል። ከማደንዘዣው በፊት ያለው ጾም ለምግብና ለዱቄት ወተት 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ነው። ሕፃን ሌሊት ሲያለቅስ አያት አዝና ብስኩት ትሰጠዋለች፤ ስለዚህ ጾሙ የሚጀምርበትን ሰዓት በሰፊ ፕላስተር ላይ «ፑዋሳ» (ጾም) ብላችሁ ጽፋችሁ በሸሚዙ ጀርባ ለጥፉ፤ የሚንከባከበው ሁሉ ያየዋል። ትንንሾቹ በጠዋት ይግቡ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ለማገገሚያው ክፍል ደግሞ ሌላ ይመደብ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን ባለ19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር በሀገሩ ቋንቋ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የአካባቢው ነርሶች እንዲያስቆሟችሁ መብት ስጧቸው። የመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ቡድኑ ከመመለሱ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ይለቅ። ደም መፍሰስና የቁስል መከፈት የሚታየው በእነዚያ ቀናት ነው።

ፎቶግራፍ

የልጁ ፊት የቡድኑ ማስታወቂያ አይደለም። ለሕክምና መዝገብ የሚነሣ ፎቶ በሐኪሙ ስልክ ላይ ሳይሆን በአንድ በተመደበ ካሜራ ይነሣ። በኢንዶኔዢያ የ2022ቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 27 የጤና መረጃንና የልጆችን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ መድቧቸዋል። ለለጋሾች ማሳያ ፎቶ ካስፈለገ ጥያቄው ከሕክምናው ስምምነት ተለይቶ፣ ልጁ ታክሞ ካበቃ በኋላ ይቅረብ። ልጁ ገና ሳይታከም የተጠየቀች እናት እንቢ ለማለት ነፃነት የላትም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

እያንዳንዱ ቤተሰብ ሲወጣ በእጁ አንድ ወረቀት ይያዝ፤ የተሠራው ቀዶ ሕክምና፣ የሰጣችሁት መድኃኒት፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚያጥቡ፣ ለምን ያህል ጊዜ በማንኪያ እንደሚመገብ፣ የካደሯና የጤና ጣቢያው ስልክ ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይሁን። ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዘው ወይም መዋጥ ካቃተው የማንን በር እንደሚያንኳኩ በቃልም ንገሯቸው። የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ 119 ነው፤ ሁሉም መንደር ግን አምቡላንስ አይደርስም፤ ስለዚህ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሰባተኛው ቀንና በአንደኛው ወር ካደሯ ልጁን ቤቱ ሄዳ ትየው። ለመጓጓዣዋና ለስልኳ ካርድ የሚሆን ገንዘብ ከጉዞው በጀት ይቀመጥላት፤ ይህን በጀት ከሚቆርጡ አስተባባሪዎች ጋር ሁልጊዜ እከራከራለሁ። ቁስሉ ካጠራጠራት በዋትስአፕ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ትልካለች፤ እሱም ለቀዶ ሐኪሙ ይደውላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ጤና ጣቢያውን አልፋ በቀጥታ ለእናንተ እንድትልክ አታስለምዷት።

ላንቃቸው የተሠራላቸው ልጆች የንግግር ልምምድ ይፈልጋሉ፤ በትንንሽ ደሴቶች የንግግር ሕክምና ባለሙያ እምብዛም አይገኝም። እኛ የምናደርገው ከባለሙያ ጋር አጫጭር የቤት ልምምዶችን አዘጋጅቶ ለካደሯና ለአንድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ማስተማር ነው። ከንፈር በተሠራ በስድስተኛው ወር ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ክብደት ከፖስያንዱ መዝገብ ላይ እጠይቃለሁ። ክብደቱ ያልጨመረ ልጅ ካለ የቀዶ ሕክምናው ማማር አያጽናናኝም፤ ካደሯ እንደገና ወደ ቤቱ ትሄዳለች።

የተረፈ ዕቃ ስትተዉ ሆስፒታሉ የጠየቀውን ብቻ ተዉ፤ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒትና መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ለእነሱ የማስወገጃ ወጪ ነው። የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ለጤና ጣቢያው አስረክቡ፤ ያልተሠራላቸውን ልጆች ስም፣ ያልተሠራላቸው ለምን እንደሆነና መቼ እንደገና መታየት እንዳለባቸው በተለየ ገጽ ጻፉ። ቀጣዩን ጉዞ ማቀድ የሚጀመረው ከዚያ ገጽ ነው።